ያለ ወረቀት የተሰጠኝ ብር

ደሴ፣ ማክሰኞ ማታ

የተበደርኳቸው ሰዎች ሁሉ ዛሬ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አየኋቸው። ከስሬያለሁ ብዬ ፍርድ ቤት ስላመለከትኩ የተጠራ ነው፤ በሕጉ አጠራር የገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባ ይባላል። እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ነበር የምንገናኘው። አንዱ ይደውላል፣ ሌላው ሱቅ ድረስ ይመጣል፣ አንዷ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ታገኘኛለች። አብረው ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ነው። እርስ በርስ ይተያያሉ። «አንተም አለህበት?» ይባባላሉ። አንገቴን ላለመድፋት ታገልኩ።

እኛ አገር ነጋዴ ሲከስር ፍርድ ቤት አይሄድም። ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል፤ ወይ አዲስ አበባ፣ ወይ አረብ አገር። ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። የኪሳራ ሕጉ ግን ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ነበረ፤ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በአዲስ መልክ ተደንግጓል። ለነጋዴ የተሠራ ሕግ ነው። ጠበቃዬ መጀመሪያ ሲያስረዳኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ምን አስጨነቀሽ፣ እንደ ሰው ሁሉ ዞር በይ» ያሉኝ ነበሩ። ዞር ብልስ የዕቁብ ዋሴን ለማን እተወዋለሁ? ዕጣው ወጥቶልኝ ብሩን ወስጃለሁ። እኔ ከጠፋሁ የሚከፍለው እሱ ነው። የአራት ልጆች አባት ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ህዳር ማብቂያ ላይ ስመለስ የሱቁ በር ተገንጥሏል። ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ጣቃ ጨርቁ አንድም አልተረፈም። መደርደሪያው እንኳ ተነቅሏል። ኢንሹራንሱ ጦርነትን አይሸፍንም ተባልኩ። እንደገና በዱቤ ጀመርኩ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም ቆምኩ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ አለፈ። የሸጥኩትን ዕቃ በሸጥኩበት ብር መተካት አቃተኝ። አከፋፋዮቹም ዱቤ አቆሙ። የባንኩ ወለድ ግን አልቆመም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ።

ከሁሉም በፊት ሐጂው ዱአ አደረጉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። ወሎ ነው፤ ሰው የሚካሰስበት ስብሰባም ቢሆን ያለ ዱአ አይጀመርም። ሐጂው ራሳቸው ከእኔ የሚፈልጉት ብር አላቸው። ዱአቸው ውስጥ ግን «ለሷም መውጫ ስጣት» አሉ። እዚያች ላይ እንባዬ መጣ።

ፍርድ ቤቱ የሾመው ንብረት ጠባቂ ዝርዝሩን አነበበ። ባንኩ ቤቴን በመያዣ ይዟል፤ ከቤቱ ሽያጭ የሚቀድመው የለም። የባንኩ ሰው ሲናገር ድምፁን ከፍ ማድረግም አላስፈለገውም። የሱቁ ሠራተኞች ደመወዝ ይቀድማል፤ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የመንግሥት ግብርም አለ። የተቀረው ገንዘብ ለሌሎቹ ሁሉ እንደየዕዳቸው መጠን ይከፋፈላል። በግምት ከእያንዳንዱ ብር ላይ ሃያ ሳንቲም ቢደርሳቸው ነው።

ከመርካቶ የመጣው አከፋፋይ ቼኮቼን አወጣ። ቀን አስቀድሞ የተጻፈባቸው ናቸው። ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ በእኛ ሕግ ወንጀልም ስለሆነ እጄ ተንቀጠቀጠ። እሱ ግን ቼኮቹን አሳይቶ መልሶ ኪሱ ከተታቸው። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ያስመጪዎች ዕዳ አለበት።

በመጨረሻ ንብረት ጠባቂው «ማስረጃ ያልቀረበበት» ብሎ አንድ ስም አነበበ። እማማ ነበሩ።

እማማ ከሐይቅ ከተማ ቅቤ እያመጡ ደሴ ላይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ያኔ ከተዘረፍኩ በኋላ ባዶውን ሱቅ ስጠርግ መጡ። ቆመው አዩኝ፤ ምንም ሳይሉ ሄዱ። በሳምንቱ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው 90 ሺህ ብር አመጡልኝ። «ሱቅ ባዶውን አይከፈትም ልጄ፤ ዕቃ አግቢበት» አሉኝ። ወረቀት እንጻፍ ስላቸው ተቆጡ። «አላህ እያየ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አሉ። ዛሬም በነጭ ነጠላቸው ተሸፍነው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

የመርካቶው ሰው እጁን አነሳ። «ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም። ነገ ዘመዷ ሁሉ እየመጣ አለኝ ቢል እኛ ምን ይተርፈናል?» አለ። ሌሎችም ልክ ነው አሉ። ልክም ነው። ድርሻው የሚወጣው ከአንድ ገንዘብ ስለሆነ የእማማ 90 ሺህ ከተመዘገበ የሌላው ይቀንሳል። ከስሬያለሁ ብለው የሐሰት አበዳሪ የሚያቆሙ ሰዎችም ይኖራሉ። ሕጉ የሚጠራጠረው በምክንያት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ይህ 500 ብር የተጻፈው በ1952 ነው። ዛሬ በ500 ብር አንድ ኪሎ ቅቤ የሚሸጥልኝ አላገኝም።

ተነሳሁ። ጠበቃዬ ቀሚሴን ጎተተኝ። «አለብኝ» አልኩ። «90 ሺህ ብር በእጄ ተቀብያለሁ። ዘመዴ አይደሉም። ሃይማኖታችንም አገራችንም አንድ አይደለም።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ባለዕዳ ቆሞ ተጨማሪ ዕዳ ጻፉብኝ ሲል አይተው አያውቁ ይሆናል። ንብረት ጠባቂው ቃሌን መዘገበ። መቃወሚያውንም መዘገበ። ውሳኔው የዳኛው ነው ተባለ።

ሆዴን የሚበላኝ ሌላም ነገር አለ። ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት ወርቄን ሸጬ ለእማማ ልከፍል ነበር። ጠበቃዬ ከለከለኝ። ሊከስር የተቃረበ ሰው ከሌሎቹ ነጥሎ ለአንዱ ብቻ ከከፈለ ክፍያው ሊፈርስ ይችላል፤ እማማም ብሩን መልሱ ሊባሉ ይችላሉ አለኝ። ስለዚህ ወርቁ ከሌላው ንብረት ጋር ተመዘገበ። ሕጉ እንዲህ የሚለው ሁሉንም እኩል ለማየት ነው፤ ይገባኛል። ግን እኩል አልሆኑም። ባንኩ ካርታ ይዟል። አከፋፋዩ ቼክ ይዟል። እማማ የያዙት የኔን ቃል ነው። እዚህ አገር ከጦርነቱ በኋላ ሱቆች የተከፈቱት ግማሹ እንዲህ ባለ ብር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ያንን ብር የሚያውቅ መዝገብ የለም።

ስንወጣ ሐጂው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ብርዱ ከጦሳ ተራራ ላይ ይወርዳል። «ድሮ ቢሆን ከአንቺ ጋር ተቆራኝቼ ነበር የምውለው» አሉኝ። በድሮው ሥርዓት አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉ እንደነበር ከአባቴ ሰምቻለሁ። «ያኔ አበዳሪውም ይታሰር ነበር እኮ» አሉ ሐጂው። ቀጥለው የልጆቼን ጤንነት ጠየቁኝ።

እማማን እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። «ሃያ ሳንቲም ያሉት ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። 18 ሺህ አልኳቸው፤ እሱም ዳኛው ከተቀበለ። ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። ቆይተው «ለልጄ ቤት ቆርቆሮ ልገዛበት ነበር» አሉ። ምን ልበላቸው? አልተቆጡኝም። «ተይው ልጄ፣ ይቅር» አላሉኝም። እንዲሉኝም አልፈልግም። ብሩ የሳቸው ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ብዕሬን አስቀምጬ የድሮ ደብተሬን አገላበጥኩ። ያኔ የመርካቶው አከፋፋይ እንደገና ዱቤ ለመስጠት ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኝ ነበር። እማማ ፌስታሉን ይዘው በመጡ ማግስት ባንክ አስገብቼ በሙሉ ወደሱ ሂሳብ ልኬዋለሁ። ደብተሩ ላይ ቀኑ አለ፣ 90,000 የሚለውም አለ። ዛሬ ማስረጃ የለም ብሎ እጁን ያነሳው ሰው ያንን ብር የተቀበለው ራሱ ነው። አያውቅም፤ ከየት እንደመጣ ነግሬው አላውቅም።

ነገ ጠዋት ባንክ ሄጄ የዚያን ወር ስቴትመንት አወጣለሁ። አንዱን ቅጂ ለጠበቃዬ እሰጣለሁ። ሌላውን ይዤ ለመርካቶው ሰው እደውላለሁ፤ መቃወሚያውን እንዲያነሳ እጠይቀዋለሁ። ባያነሳም ዳኛው ፊት ቀርቤ ቃሌን እደግማለሁ።