ከእኔ በፊት ውሰደው ብዬ ነበር

ልጄ ኦቲዝም አለበት። አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ። የምንኖረው ደሴ ነው። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር።

እንደኔ ያሉ እናቶች ጮክ ብለው ባይሉትም ምን እንደሚጸልዩ አውቃለሁ። "ጌታ ሆይ፣ ከእኔ በፊት ውሰደው።" እኔ ይህን የጸለይኩት ግሸን ማርያም ላይ ነው፤ መስከረም 21፣ በንግሥ ቀን። ልጄ ግርግርና የከበሮ ድምፅ ስለማይችል እህቴ ቤቴ መጥታ ትጠብቀው ነበር። ሌላው ሕዝብ ልጅ ስጠኝ፣ ልጄን ማርልኝ ይላል። እኔ ውሰድልኝ አልኩ። ጠልቼው አይደለም። እኔ ስሞት ማን ያጥበዋል? ጨንቆት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሲያጋጭ ማን ይገባዋል? ዘግተውበት ቢያስሩትስ? ታስረው ያደጉ ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ።

ምን እንደሆነ እንኳ ለብዙ ዘመን የነገረኝ አልነበረም። መተት ነው አሉ፣ የእናቱ ኃጢአት ነው አሉ። እፎይ ያልኩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን ያየሁ ቀን ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውም የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ኋላ አዲስ አበባ ወስጄው ሐኪም አየው። ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው፣ አሳዳጊ ያመጣው አይደለም፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል፣ ግን ይማራል አለኝ። ቀኑን በሥዕል እንዳሳየው የመከሩኝም ያኔ ነው። መታጠብ፣ ቁርስ፣ መውጣት፤ በተራ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩለት። ቃል አይወጣውም፣ ሥዕሉን ግን ያነባል።

የጸሎቴ መልስ የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። ጎረቤታችን ሃጂ ዳቦ ቤት አላቸው። ልጄ ጠርሙሱንም ድንጋዩንም ሲደረድር ያዩታል። አንድ ቀን "ዳቦ ይደርድርልኝ" አሉኝ። ፈራሁ። የማቡኪያው ማሽን ጩኸት ያስጨንቀዋል አልኳቸው። "አብሽሪ እህቴ፣ ሊጡ ተቦክቶ ማሽኑ ሲጠፋ ይምጣ" አሉ።

ይኸው ዛሬም ለየሱቁ የሚሄደውን ዳቦ እየቆጠረ ሳጥን ውስጥ የሚከተው እሱ ነው። አይሳሳትም። ደመወዙን በእጁ ይሰጡታል። የሃጂ ልጆች አንድ ነገር ሲቀየር አስቀድመው በሥዕል ያሳዩታል፤ ከእኔ አይተው ነው፣ ማንም አላዘዛቸውም። በረመዳን ለኢፍጣር ሲጠሩት፣ አንዱ ምግብ ከሌላው ጋር ሲነካካ ስለማይወድ ለየብቻ ያቀርቡለታል። በእኛ ጾም ደግሞ ሳልጠይቅ "ቅቤ የለበትም" ይሉኛል። የወሎ ሰው እንዲህ ነው።

በዚህ መሀል እህቴ አረፈች። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆስፒታል መተኛት ግድ ሆነብኝ። ልጄ ያለ እኔ ከቤቱ ውጭ አድሮ አያውቅም። የሃጂ ልጆች ፎቶ አንስተው ከሥዕሎቹ ጎን ለጠፉለት፤ የእነሱ ቤት፣ የእሱ ብርድ ልብስ፣ እኔ ሆስፒታል፣ ከዚያ እኔ ተመልሼ ቤቴ።

ሌሊቱን ስልኬን ይዤ፣ ቶሎ ውሰዱልን ይሉኛል እያልኩ ስሰጋ ነጋ። ጠዋት ትልቋ ልጃቸው ደወለች። "እማማ፣ ተኝቶ አደረ። ቁርሱን በልቶ ሥራ ገብቷል" አለችኝ። እዚያው አልጋው ላይ አለቀስኩ። ነርሷ ቁስሉ ያመመኝ መስሏት መጣች።

እግዚአብሔር አፉን አልፈታውም። ከእኔ በኋላ የሚያውቁት ሰዎች ግን ሰጠው። ያን የግሸኑን ጸሎት ከዚያች ቀን ወዲህ ደግሜ አልጸለይኩትም። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

አሁን ሌላ ልመና አለኝ። በሰፈራችን ከቤት ወጥታ የማታውቅ እንደሱ ያለች ልጅ አለች። እናቷ ሰው ያያታል ብላ ትፈራለች። ቡና እየጠጣን እያግባባኋት ነው፤ በቀደም ሥዕሎቹን ልታይ እኔ ቤት መጥታ ነበር። እሷንም ልጇንም በጸሎታችሁ አስቧቸው።