የሥነ ምግባር ደንባችንን ከግድግዳ አውርደን ሥራ ላይ ያዋልንበት መንገድ

በደቡብ ወሎ በብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል። መርሆዎቹ ትክክል ናቸው። ችግሩ «ታማኝ ሁን» የሚለው ቃል የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ዛሬ ከሰዓት ምን ላይ መፈረም እንደሌለበት አለመንገሩ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችንን ደንብ ሳረቅ እያንዳንዱ አንቀጽ ገንዘብ ወይም ንብረት ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን ቦታ፣ የሚፈርመውን ሰውና የሚቀረውን ሰነድ እንዲጠራ አደረግሁ። ይህን የማይጠራ አንቀጽ አስወጣሁ።

መነሻው የወረቀቱን ጉዞ መከተል ነው። ለግዥ፣ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጥ ድጋፍ) ክፍያ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ ማን እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚረከብና ማን እንደሚከፍል በአንድ ገጽ ጻፍኩ። የአንድ ሰው ስም ሁለት ቦታ ከታየ ቀዳዳው እዚያ ነው። ወረዳ ላይ የሰው ኃይል ስለማይበቃ ሁሉንም መለየት አይቻልም፤ በሁለት ነገር ግን አንደራደርም። የገዛ ሰው አይረከብም። ቢን ካርዱን፣ ማለት መጋዘን ውስጥ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ የሚይዘው ግምጃ ቤት ጠባቂ ስቶክ ካርዱን፣ ማለት በቢሮ የሚያዘውን የዚያኑ ዕቃ መዝገብ፣ አይነካም። ሞዴል 19፣ ማለት የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ፣ የሚቆረጠው ዕቃው ተቆጥሮ ከገባ በኋላ እንጂ ነጋዴው «ነገ አመጣለሁ» ስላለ አይደለም። ወረቀት ላይ ገብቶ መጋዘን ያልገባ ዕቃ የሚፈጠረው በዚችው የአንድ ቀን ክፍተት ነው።

ፕሮፎርማ ላይ፣ ማለት ነጋዴው ከግዥ በፊት በሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቧል ማለት ሦስት ነጋዴ ተወዳድሯል ማለት አይደለም። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ይበቃል፦ የእጅ ጽሑፉ ይመሳሰላል? ስልክ ቁጥሩ አንድ ነው? የዕቃው ስም በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል? የተሸናፊዎቹ ዋጋ በሁሉም ዕቃ ላይ በእኩል መጠን ከፍ ብሏል? ቲን ቁጥራቸውንም ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋር ማመሳከር ነው። ደንቡ ፕሮፎርማ ሰብሳቢው በየዙሩ እንዲቀያየር፣ ፖስታው ታሽጎ እንዲመጣና ኮሚቴው ፊት እንዲከፈት ያዛል። ዕቃው የሚፈለግበት ጽሕፈት ቤት ራሱ ፕሮፎርማ ይዞ ከመጣ አንቀበልም።

ነዳጅ ላይ «በአግባቡ ይጠቀሙ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ሒሳብ ያስፈልጋል። መኪናው ታንኩ ሞልቶ የተለመደውን መንገድ ይሄዳል፣ ሲመለስ እንደገና ይሞላል፤ የተሄደው ኪሎ ሜትር ለተሞላው ሊትር ይካፈላል። በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከደሴ ወልዲያ ደርሶ ለመመለስ፣ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 34 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ሙከራው ደርሶ መልስ መሆን አለበት፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁል ነው፣ መልሱ ሽቅብ ነው፣ አንዱን ብቻ የለካ ሹፌሩን ይበድላል ወይም ይታለላል። ሎግ ቡኩን፣ ማለት የመኪናውን የጉዞ መዝገብ፣ የስምሪት ሠራተኛው ከቆጣሪው ራሱ አንብቦ ይሞላል። ቆጣሪው የተበላሸ መኪና እስኪጠገን አይሰማራም፤ የተበላሸ ቆጣሪ ለወራት ሳይጠገን የሚቀመጠው ለአንድ ሰው ስለሚጠቅም ነው።

ለውሎ አበል የቀበሌ ማኅተም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማኅተሙ ከሊቀ መንበሩ ጋር ገበያ ይወርዳልና። የተሳታፊዎች ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤና ሎግ ቡኩ ከቀኑ ጋር ከተስማሙ ይከፈላል።

ሴፍቲኔት ላይ የሚያሳስበኝ የሌለ ሰው ስም ነው። የሞተ፣ ቀበሌ የለወጠ፣ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ስም መክፈያው ላይ ይቀጥላል፤ ገንዘቡ የሚቀረው ግን ከደሃ አፍ ነው። ተረጂዎቹ የሚሠሩትን የሕዝብ ሥራ አቴንዳንስ የሚይዘው ሰው መክፈያውን አያዘጋጅም። ከክፍያ በፊት ዝርዝሩ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ ደጅ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ለጥፎ መተው ማንበብ የማይችለውን ያስቀራል።

ስጦታን «ሙሉ በሙሉ የተከለከለ» ብሎ የጻፈ ደንብ ወሎ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ይጣሳል፤ ገበሬ ቤት ደርሶ ቡናውን እምቢ ማለት ስድብ ነው። እኛ ድንበሩን እንዲህ አደረግነው፦ እዚያው ከሌላው ሰው ጋር የሚበላና የሚጠጣ ይፈቀዳል፤ ወደ ቤት የሚገባ አይፈቀድም። ማር፣ ቅቤ፣ ሙክት፣ የሞባይል ካርድ፣ በቴሌብር የተላከ ብር ሁሉ ክልክል ነው። ሥራ ርክክብ ወይም የመሬት ልኬት ባለበት ቀን ግን ተቋራጩ ወይም ባለጉዳዩ የሚከፍለው ምሳም አይበላም። ሠራተኛው በሌለበት ቤቱ የተተወ ዕቃ በማግስቱ ተመዝግቦ በፊርማ ይመለሳል።

የጥቅም ግጭት ቅጹ የሥጋ ዘመድ ብቻ ከጠየቀ ግማሹ ያመልጣል። የእኛው ቅጽ ስለ አማች፣ ስለ አበልጅ፣ ስለ ጡት ልጅ፣ አንድ ቅሬ (የወሎ ዕድር) ወይም እቁብ ውስጥ ስላለ ነጋዴም ይጠይቃል። ያሳወቀ አይወቀስም፤ ከዚያ ፋይል ብቻ ይወጣል፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ቅጹ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይታደሳል። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 የሚደረገው የሀብት ምዝገባ ይህን አይተካም።

ጥቆማ የሚመጣው ሰው ሲያምን ነው። ሳጥኑን ከኃላፊው በር አንስተን ባለጉዳይ ወረፋ የሚጠብቅበት ቦታ ሰቀልነው። ሁለት ቁልፍ አለው፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ። በቃል የመጣውን እጽፋለሁ፣ የጠቋሚውን ስም ግን ከጥቆማው ለይቼ አስቀምጣለሁ። ጠቋሚን ስለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን ለሠራተኛው ሁሉ አስረድተናል። ጥፋት ሲገኝ የዲሲፕሊን ክስና የወንጀል ምርመራ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ «ፍርድ ቤት ይወስን» ተብሎ ዲሲፕሊኑ ከተቀመጠ፣ ተጠርጣሪው እዚያው ማኅተሙ አጠገብ ይቆያል።

ሰኔን ለብቻው እናያለን። በጀቱ እንዳይመለስ ሲባል ግዥ ስለሚጎርፍ፣ ከሰኔ 1 ጀምሮ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ከግዥም ከንብረት ክፍልም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ቆጥሮ ይፈርማል። ይህን ሰው በዕጣ የምንመርጠው ዕቃው በደረሰበት ዕለት ጠዋት ነው።