ሜኖ፣ አንድ ካሬና የእህቴ ልጅ

የጥንቱን ግሪክ ፈላስፋ የፕሌቶን ሰባተኛ ምልልስ ትናንት ማታ ጨረስኩ። «ሜኖ» ይባላል። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

አጀማመሬ ጥሩ አልነበረም። ቀጥታ «ሪፐብሊክ» ውስጥ ገባሁ። 10 መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ላይ ደከመኝ። ከዚያ የዋሻውን ታሪክ ብቻ ፈልጌ አነበብኩና ለጓደኞቼ «ጨርሼዋለሁ» አልኳቸው። አልጨረስኩትም፤ እስካሁንም ይቆጨኛል። ስለዚህ በእሱ አትጀምሩ። «ዩቲፍሮ» በአንድ ቁጭታ ያልቃል። የፕሌቶ መምህር ሶቅራጥስ ተከሶ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ እዚያው ደጃፍ ላይ የገዛ አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ የመጣ ሰው ያገኛል። በዚህ ያልተያዘ አንባቢ በምንም አይያዝም። ቀጥሎ «አፖሎጂ»፣ «ክሪቶ»፣ «ላኬስ»፣ «ሊሲስ»፣ «ካርሚዴስ»። እነዚህ ብዙም አላስቸገሩኝም።

ሜኖ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ያቆመኝ አንድ ቃል ነው። የማነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እየቆምኩ በአማርኛ ለራሴ እደግመዋለሁ። «አሬቴ» የሚለውን የግሪክ ቃል «በጎነት» ብዬ ይዤው ነበር። አልሄደልኝም። ከሶቅራጥስ ጋር የሚነጋገረው ሜኖ ሲናገር፣ የወንድ አሬቴ ከተማን ማስተዳደር፣ ወዳጅን መጥቀም፣ ጠላትን መጉዳት ነው፤ የሴት ደግሞ ቤቷን በሥርዓት መያዝ። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ሙያ! ወንዱ ጦር ሜዳ ላይ ሙያ ይሠራል፣ ሴቷ በጓዳ ሙያዋ ትመሰገናለች። ፍትሕ ሲነሳ «ሙያ» የሚለው ቃል ይጠባል፣ ግን ሜኖ ምን እያለ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ካሬው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሶቅራጥስ ከሜኖ አገልጋዮች አንዱን ልጅ ይጠራል። ልጁ ባሪያ ነው፤ ጂኦሜትሪ ማንም አላስተማረውም። ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ ያሳየዋል። ስፋቱ 4 ነው። ስፋቱ እጥፍ፣ ማለትም 8፣ የሚሆነው ካሬ ጎኑ ስንት ነው? ልጁ ጎኑንም እጥፍ ያደርገዋል፣ 4 ይላል። 4 በ4 ግን 16 ነው። እሺ 3። 9 ሆነ። በመጨረሻ «አላውቅም» ይላል። ከዚያ ሶቅራጥስ ከጥግ ወደ ጥግ የሚሄደውን መስመር ያመጣለታል፤ መልሱ እሱ ነው። ለሜኖም፣ እኔ አላስተማርኩትም፣ ነፍሱ የምታውቀውን አስታወሰ እንጂ ይለዋል።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። መስመሩን ያመጣው ሶቅራጥስ ራሱ! ልጁ «አዎ» ከማለት ሌላ ምን ሠራ? አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። ማብራሪያ ቪዲዮም አየሁ፤ ምንም አልጠቀመኝም።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤት መጣች። ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለ ካሬ ወረቀት ሰጥቻት ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። «አራት ነዋ፣ አጎቴ!» አለች። ሳለችው፣ ቆጠረች፣ 16። «እ... ሦስት።» ቆጠረች፣ 9። ከዚያ ዝም አለች። እርሳሱን ጥርሷ መሀል ይዛ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠች። መስመሩን ላሳያት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። በጣም ከብዶኝ ነበር።

ቆይታ 4 በ4 የሆነውን ካሬ በመቀስ ቆርጣ አወጣችው። አራቱንም ጥጎች ወደ መሀል አጠፈቻቸው፣ ልክ እንደ ፖስታ። «ግማሹ ሆነ እኮ! ስምንት ነው!» ብላ ጮኸች። ወረቀቱን ስትዘረጋው እጥፋቱ እያንዳንዱን 2 በ2 ካሬ ከጥግ ወደ ጥግ ሰንጥቆታል። የሶቅራጥስ መስመር!

አሁን የማምነው ይህን ነው። የልጁ ድርሻ ሁለቱ ስህተቶችና «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ናት። ቀደም ሲል ሜኖ፣ ሶቅራጥስን የነካውን ሁሉ ከሚያደነዝዝ ዓሣ ጋር አመሳስሎ ያማርረዋል። ልጁም ደነዘዘ፤ ግን ሶቅራጥስ እንደሚለው፣ አሁን መፈለግ የሚችለው አለማወቁን ስላወቀ ነው። ነፍስ ከመወለዷ በፊት ታውቅ ነበር የሚለውን ግን እስካሁን አልተቀበልኩትም።

ስለዚህ ማጠቃለያ ቀድማችሁ አትዩ፤ መደንዘዙን ይነጥቃችኋል። በእርሳስ እየሳላችሁ አንብቡ። ኅዳጉ ላይ ያሉትን ቁጥሮችም ልመዱ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1578 ከታተመው የሄንሪ ኤስቲየን እትም የመጡ ናቸው፣ ሁለት ትርጉም ለማነጻጸር ከእነሱ የተሻለ አላገኘሁም። የካሬው ታሪክ 82 ላይ ይጀምራል።

እኔ ራሴ ግን ምክሬን ሙሉ በሙሉ አልጠበቅኩም። 87 ላይ ሌላ የጂኦሜትሪ ምሳሌ አለ፣ ሦስት ማዕዘንን ክብ ውስጥ ስለማስገባት። ሁለት ማታ ታገልኩትና ዘልዬው አለፍኩ። በወረቀት ሠርቶት የገባው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ሥዕሉን ላኩልኝ።