አድብሉ ስንገዛ ዋስትናው እንዳይፈርስ

አዲስ የጭነት መኪና ገዝቶ አዳማ ያስገባ ባለንብረት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ የናፍጣ መኪናን ጎጂ ጭስ ለማጥራት የሚሞላውን አድብሉ የተባለ ፈሳሽ ከየት ልግዛ የሚለው ነው። መኪናውን ከሸጠለት ድርጅት ብቻ መግዛት አለበት ወይስ ከገበያ የተገኘውን መጨመር ይችላል? የቤተሰባችንን መኪኖች ሰነድ የምይዘው እኔ በመሆኔ ይህ ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ይደርሰኛል። ዋስትናውን የሚጠብቀው በጀሪካኑ ላይ ያለው የንግድ ስም እንዳልሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። የሚጠብቀው ፈሳሹ አይኤስኦ 22241 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሟላቱ፣ ይህንንም ከወራት በኋላ በወረቀት ማስረዳት መቻላችሁ ነው። ጥሩ ፈሳሽ ያለ ማስረጃ፣ ማስረጃም ያለ ጥሩ ፈሳሽ በክርክር ጊዜ አያድንም።

አድብሉ ከናፍጣ ጋር የሚቀላቀል ነገር አይደለም። የራሱ ታንክ አለው፤ ክዳኑም አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ይዘቱ 32.5 በመቶ እጅግ ንጹሕ ዩሪያ ሲሆን ቀሪው 67.5 በመቶ ማዕድናቱ የወጡለት ውሃ ነው። ፈሳሹ በጭስ ማውጫው ውስጥ ሲረጭ በሙቀቱ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያውም ካታሊስት በሚባለው የጭስ ማጣሪያ ክፍል ላይ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ተገናኝቶ ጎጂውን ጭስ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ ይቀይረዋል። ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር መኪናው በሴንሰሮቹ አማካይነት ያውቃል፤ መጀመሪያ መብራት ያበራል፣ ቀጥሎ ጉልበት ይቀንሳል። ዩሮ 6 በተባለው የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ የተሠሩት ከባድ መኪኖች ማስጠንቀቂያው ችላ ከተባለ በመጨረሻ ፍጥነታቸውን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ ይገድባሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደረጃው የሚጠይቀው ትክክለኛ ድብልቅ ብቻ ስለሚመስለው ነው። ድብልቁ የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ንጽሕናው ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ብረት እያንዳንዳቸው በአንድ ኪሎ ግራም ፈሳሽ ውስጥ ከ0.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ፣ መዳብና ዚንክ ደግሞ ከ0.2 ሚሊ ግራም እንዳያልፉ ደረጃው ይገድባል። ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውሃ ከዚህ ገደብ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ካልሲየም ይይዛል። እነዚህ ማዕድናት ከጭሱ ጋር ተንነው አይጠፉም፤ ካታሊስቱ ላይ እየተጋገሩ ቀስ በቀስ ሥራውን ያቆሙታል፤ ካታሊስቱ ደግሞ ከመኪናው ውድ ክፍሎች አንዱ ነው።

ስለ ማዳበሪያው ዩሪያ ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአካባቢያችን በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው፤ ከባትሪ ውሃ ጋር በጥብጦ መሙላትም ገንዘብ ማዳን ይመስላል። በጆንያው ላይ 46 በመቶ ናይትሮጅን ተብሎ ስለሚጻፍ ንጹሕ ይመስላል፤ ለጤፍና ለበቆሎም ከበቂ በላይ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ባለበት ነገር ይታከማሉ፤ ሲመረትም ባዩሬት የሚባል ውህድ ወደ አንድ በመቶ በሚጠጋ መጠን በውስጡ ይቀራል። ደረጃው በአድብሉ ውስጥ የሚፈቅደው ባዩሬት ከ0.3 በመቶ አይበልጥም፤ የአልዴሃይድ ገደቡም በአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ትርፉ በመርጫው ቀዳዳና በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ እንደ ነጭ ድንጋይ ይጋገራል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። አንዳንድ ጋራዦች የፈሳሹን መጠነ ይዘት የሚያሳይ ሪፍራክቶሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አላቸው። አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ አኑረው ወደ ብርሃን ሲመለከቱበት መስመሩ 32.5 አካባቢ ካረፈ «ጥሩ ነው» ይላሉ። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ውሃ የበዛበትን ፈሳሽ ወዲያው ያጋልጣል፤ ደረጃው የሚፈቅደውም ከ31.8 እስከ 33.2 በመቶ ድረስ ስለሆነ ንባቡ ትርጉም አለው። ነገር ግን የሚያነበው ምን ያህል ዩሪያ እንዳለ ብቻ ነው፤ ካልሲየሙንም ፎርማልዴሃይዱንም አያይም። በመኪናው ታንክ ውስጥ ያለው የጥራት ሴንሰርም በአመዛኙ የሚለካው ይኸንኑ መጠን ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ ተመዝኖ የተበጠበጠ የማዳበሪያ ዩሪያ ሁለቱንም ያልፋል፤ መብራት አይበራም፤ ሹፌሩም ባለንብረቱም በሰላም ይከርማሉ። ጉዳቱ የሚታየው ካታሊስቱ ከደከመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዋስትና ሰጪው ከታንኩ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ካስመረመረ ውጤቱ ሁሉንም ያሳያል። «መኪናው ራሱ ተቀብሎታል» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ሙቀት ነው። አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ ምክሮች ስለ ብርድ ያስጨንቃሉ፤ ፈሳሹ የሚረጋው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ይህ የአዳማን ሰው አይመለከተውም። የእኛ ጠላት ፀሐዩ ነው። በደረጃው የማከማቻ መመሪያ መሠረት አድብሉ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 18 ወር፣ እስከ 30 ዲግሪ 12 ወር፣ እስከ 35 ዲግሪ ደግሞ 6 ወር ብቻ ይቆያል። ከ35 ዲግሪ በላይ የከረመ ከሆነ ከመጠቀም በፊት መመርመር አለበት። ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል በሸራ ሥር የመጣ፣ ከዚያም በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የተደረደረ ጀሪካን ይህን ሁሉ ሙቀት ተሸክሞ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ በጀሪካኑ ላይ የተመረተበት ቀን ከሌለ፣ የተቀረው ሁሉ ቢያምርም፣ እኔ አልገዛም። ቀኑ ካለም ከ18 ወር ሳይሆን ከ6 ወር አንጻር እቆጥረዋለሁ።

በቅርቡ እዚሁ አዳማ አንድ የመለዋወጫ መደብር ውስጥ ሁለት ዓይነት ጀሪካን ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ። በአንደኛው የፋብሪካው ስም፣ የደረጃው ቁጥር፣ የምርት ቀንና የባች (አብሮ የተመረተው ዙር) ቁጥር በላስቲኩ ላይ በቀጥታ ታትመዋል። የሌላኛው መለያ ወረቀት በሌላ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ነበር፤ ጥጉ ተነስቶ የታችኛው ቀለም ይታያል፤ የክዳኑ ቀለበት ላልቷል፤ ዙሪያውንም ነጭ የደረቀ ዱቄት ይዞታል። ዱቄቱ ፈሳሹ አንድ ጊዜ እንደወጣ ወይም ጀሪካኑ እንደተከፈተ ይናገራል። ሻጩ «እህቴ፣ ሁለቱም ኦሪጂናል ነው፤ ይኼኛው ዋጋው ስለሚቀንስ ሰው የሚወስደው እሱን ነው» አለኝ። በክፋት የተናገረው አይመስለኝም፤ ለእሱም እንዲሁ ተብሎ ነው የመጣለት። እኔ ግን የመጀመሪያውን ወሰድኩ።

አድብሉ የሚለው ስም በሕግ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፤ ባለቤቱም የጀርመን የመኪና አምራቾች ማኅበር፣ በምኅጻሩ ቪዲኤ፣ ነው። ማኅበሩ ፈቃድ የሰጣቸውን አምራቾች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት ኤፒአይም ያረጋገጣቸውን ምርቶች እንዲሁ ይዘረዝራል። የፋብሪካውን ስም በስልካችሁ ፈልጉት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በፈሳሹ ቀለም ግን አትመኑ። አድብሉ እንደ ውሃ ጠርቶ የሚታይ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው፤ ሰማያዊው ክዳኑ እንጂ ፈሳሹ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የምናውቃቸው ባለንብረት የመርጫው ፓምፕ ተበላሽቶባቸው ጥያቄ ሲያቀርቡ የተጠየቁት ምን ዓይነት ፈሳሽ፣ መቼ፣ ከየት እንደገዙ ነበር። የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ደረሰኝም «ዘይትና መለዋወጫ» የሚል ነበር። ፈሳሹ ምናልባት ደረጃውን የጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ማስረዳት ግን አልቻሉም፤ ወጪውም በእሳቸው ላይ ቀረ። በዚህ ምክንያት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም በትክክል እንዲጻፍ ሻጩን እጠይቃለሁ፤ ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ መደብር እሄዳለሁ። የጀሪካኑን መለያ ከባች ቁጥሩ ጋር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ሹፌሮቻችንም በሞሉ ቁጥር ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡንና የሊትሩን መጠን በመኪናው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከእያንዳንዱ ባች ደግሞ በዚያው ፈሳሽ በታጠበ ንጹሕ የላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ቀድቼ፣ ቀን ጽፌበት፣ በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣለሁ።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። የአድብሉ ፍጆታ ብዙውን ጊዜ ከናፍጣው ከ3 እስከ 6 በመቶ ነው። ቁጥሩ በድንገት ከወረደ መርጫው እየተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ከወጣ ደግሞ የሚፈስ ቦታ ወይም የሚቀዳ እጅ አለ።

ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ አንድ ነገር ይዘው የሚከራከሩ ሰዎችም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ያለ የዋስትና ሕግ አምራቹ ደንበኛውን ያለ ክፍያ ካልሰጠው በቀር የአንድን የንግድ ስም ምርት እንዲጠቀም የዋስትና ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግበት በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ነው። እኛን የሚያስተዳድረን ከመኪናው ጋር የተረከብነው የዋስትና ደብተርና የፈረምንበት ውል ነው። አብዛኞቹ አምራቾች የሚጽፉት አይኤስኦ 22241ን የሚያሟላ ፈሳሽ ተጠቀሙ፣ ውሃም ሆነ ሌላ ነገር አትጨምሩ፣ በተበከለ ፈሳሽ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም የሚል ነው። ደብተሩን አንብቡት፤ ግልጽ ካልሆነ ለሸጣችሁ ድርጅት በደብዳቤ ጻፉ፦ የትኛውን ደረጃ ነው የምትጠይቁት፣ ከሌላ ሻጭ ብገዛ ምን ማስረጃ ትቀበላላችሁ ብላችሁ። በማኅተም የተደገፈ መልስ ከተገኘ በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀመጥ። በቃል «ችግር የለውም» መባል ሰውዬው ሥራ የቀየረ ዕለት ዋጋ ያጣል።

ጥሩ ፈሳሽም በአሞላል ይበላሻል። ዘይት ወይም ናፍጣ የነበረበት ጀሪካንና መቅጃ በምንም ዓይነት ለአድብሉ አይውልም፤ የዘይት ርዝራዥ የታንኩን ጎማ ነክ ክፍሎች ያበላሻል። የመዳብ፣ የነሐስና የጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ዕቃም አይሆንም፤ ፈሳሹ ብረቱን እየበላ ይይዘዋል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ካለው አቧራ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ናፍጣ በአድብሉ ታንክ ወይም አድብሉ በናፍጣ ታንክ ከገባ ሞተሩን ማስነሳት ቀርቶ ቁልፉን እንኳን አታዙሩ፤ ፓምፑ መሳብ ከጀመረ ጉዳቱ በመስመሩ ሁሉ ይሄዳል። መኪናው ተጎትቶ ታንኩ ይታጠብ።

የአድብሉን ሲስተም በኮምፒውተር እናጥፋላችሁ የሚሉም አሉ። ዋስትናው ላይ ያለ መኪና ይህን ካደረገ ዋስትናው በዚያው ያበቃል፤ የሚወጣውም ጭስ ከሞጆ እስከ አዋሽ በመንገዱ ዳር ያለው ሰው የሚተነፍሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መንገድ ላይ ሲያልቅ ነው። ሚሌ ላይ መብራቱ የበራበት ሹፌር ያገኘውን ይሞላል፤ አልፈርድበትም፤ ጭነቱ መድረስ አለበት። መፍትሔው ከአዳማ ሲነሳ ማስላት ነው። ለደርሶ መልስ 700 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ መኪና በ5 በመቶ ስሌት 35 ሊትር አድብሉ ይፈልጋል፤ ታንኩ ያንን የማይችል ከሆነ ያልተከፈተ አንድ ጀሪካን ይያዝ። ጀሪካኑ ጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ በጥላ ይቀመጥ እንጂ ከላይ በፀሐይ ላይ ወይም ከሞተሩ አጠገብ አይታሰር። ሳይከፈት ከተመለሰ መጋዘን ውስጥ ከኋላ አይደረደርም፤ አፋርን ደርሶ የመጣ ስለሆነ በሚቀጥለው ጉዞ ከሌሎቹ በፊት እሱ ይሞላል።