ማን ጠይቋቸው

ቅዳሜ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ከደሴ ወደ ኩታበር ስንሄድ ሚኒባሱ ቦሩ ሜዳ ላይ ቆመ። «ቦሩ ወራጅ!» አለ ረዳቱ። ሁለት ሴቶች ወረዱ፤ ከጣራው ላይ አንድ ጆንያ ድንች ወረደላቸው። ሄድን።

እኔ ግን ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም። ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ እና ንጉሥ ምኒልክ በግንቦት 1870 ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት እዚህ ነው። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ። ተዋሕዶዎች ረቱ፣ ለክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ትምህርት ተወገዘ። የመጽሐፉ ወሬ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ለወሎ ሰው ደግሞ ከዚህ ይጀምራል። ሹመት ያለው ሙስሊም ወይ ይጠመቅ፣ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። ለተራው ሕዝብ የተሰጠው ቀጠሮ ሦስት ዓመት ነበር።

ከወሎ ገዢዎች መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ዮሐንስ ናቸው። ኢማም አባ ዋጠው በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ሆኑ። ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው አመፁ። የተሰደደው ብዙ ነው። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ የኖረም አለ። በቤታችን ወግ የአያቴ አያት ከእነዚህ አንዱ ናቸው፤ ሁለት ስም ነበራቸው፣ አንዱ ለደጅ፣ አንዱ ለቤት።

ትምህርት ቤት እያለን ከጣልያን ጋር የተደረገውን የውጫሌን ውል በቃላችን ነበር የያዝነው። አንቀጽ 17፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣልያንኛው ግዴታ። ውጫሌም እኮ ወሎ ነው። ግን ውጫሌን መተረክ ይቀላል፤ አታላዩ ፈረንጅ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ያዘዘውም የታዘዘውም የኛው ሰው ስለሆነ መምህራችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። አልፈርድባቸውም። ክፍሉ ውስጥ ግማሻችን ሙስሊም፣ ግማሻችን ክርስቲያን ነበርን።

የሚካኤል ነገር ግን ሁሌም ይከነክነኛል። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። የወሎ ንጉሥም ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ዋናው ክስ ምን ነበር? ሰልመዋል! አባት ሹመታቸውን ለማቆየት ስማቸውን ቀየሩ፤ ከ38 ዓመት በኋላ ያው የተተወው ሃይማኖት ልጃቸውን ከዙፋን አወረደ። ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩም።

የኔ ስም የክርስቲያን ነው፣ የአባቴ የእስላም፣ የአያቴ ተመልሶ የክርስቲያን። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ ፎርሜን አይታ «ተሳስተህ ነው?» አለችኝ። «ወሎዬ ነኝ» አልኳት። ሳቀችና ማኅተሙን መታችልኝ። እኔም ስቄ ወጣሁ። እንዲህ ሲሆን «የመቻቻል ምሳሌ» ይሉናል። ቃሉን አልወደውም። መዋደዱ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ስሞቻችን ውስጥ አዋጅም እንዳለበት ስለሚያስረሳ ነው።

ሰርጉ ቤት ስንደርስ ሁለት ሰንጋ ተጥሏል። አንዱን ጎረቤታችን በቢስሚላህ ባርከውታል፣ ሌላው በስመ አብ ተብሎበታል። ሁለት ዳስ፣ ሁለት ድስት። አንዲት ልጅ ሥራዋ ጭልፋ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እንዳይሻገር።

አክስቴ ጓሮ ቡና ላይ ነበረች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እቴቴ፣ የአያቴ አያት ወደው ነው የተጠመቁት?»

አቦሉን ቀዳችልኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ሆዴ። እሳቸውንስ ማን ጠይቋቸው!»

ሲኒውን ሳልጨርስ ወደ ዳሱ አየችና በክርኗ ገፋ አደረገችኝ። «ተነስ አሁን። እስላሞቹ አጎቶችህ ቆመዋል፣ ወንበር አምጣላቸው።»