የቀሪ ቅጣት

ዛሬ ጠዋት የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። አጀንዳው አራት ነው። ሦስቱ ስለ ተቀደደው ድንኳን፣ ስለ ወንበሮቹና ስለ መዋጮ ጭማሪ ስለነበሩ ቶሎ አለቁ። አራተኛውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አከራክሮንም አልተቋጨም። የተባለውን ሳልረሳ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ከደረሰኝ ነው። ጸሐፊ ስለሆንኩ የቀሪ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። በእድራችን ደንብ ወንዱ ቀብር ይወጣል፤ ሴቷ ለቅሶ ቤት ተገኝታ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። የቀረ ይቀጣል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ደጋግማ ቀረች። ብሎኳን አልጽፍም። ባሏ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ ድንኳን ሲተከል ከሁሉም ቀድሞ ካስማ የሚመታው እሱ ነው። ቅጣቷን የከፈለችው ልጇን ልካ ነበር። ልጁ ብሩን በመዳፉ ጨብጦ መጣ። «እማዬን አሟት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አላየሁም» ብሎ ጨመረ።

በእኛ ሰፈር ደረጃው የሚያዳልጠው ሴቶችን ብቻ ነው። ወንዶቹ ጠጥተው በእኩለ ሌሊት ሲወጡበት እንኳ አያዳልጣቸውም።

ቱሉ ዲምቱ የከተማዋ ጫፍ ናት፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት። እዚህ ያሰባሰበን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፤ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጉለሌ፣ እኔ ከሰንጋ ተራ። ሰንጋ ተራ ሳለን ጩኸት ከተሰማ አሮጊቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ሳያንኳኩ ዘው ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። በነጋታው ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እሱ «እጅህን ሰብስብ»፣ እሷ «አንቺም አፍሽን ያዢ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ትባላለች፤ ቡና ይፈላል፤ ነገሩ ታረቀ ይባላል። የአፍና የእጅ ጥፋት እኩል ተመዝኖ የሚያልፍበት እርቅ ነበር። ቢሆንም የሚገባ ሰው ነበረ። እዚህ በሩ ብረት ነው፤ ግድግዳው ግን ሳል እንኳ አያስቀርም። ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከወትሮው ረዘም አድርገን እንሳለማለን።

አንድ መምህር ጎረቤት አለን፤ እዚሁ ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። የትኛው ቤት ሌሊቱን እንደታወከ ሳይነግሯቸው ያውቁታል። አንዱ ልጅ ዴስኩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሌላው በረባ ባልረባው ጓደኛውን በቡጢ ይላል፤ አንዷ ደግሞ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። ከሁሉም የሚያሳስባቸው ግን ጨዋ የሚባለው ልጅ ነው፤ የማይረብሸው፣ የማይጠይቀው፣ የቤት ሥራውን ሁልጊዜ የሚሠራው። «ጨዋ አይደለም፤ ቤት ውስጥ እንዳይታይ ተለማምዶ ነው» አሉኝ። ደረሰኝ ሊያስቆርጥ የመጣው ልጅ ትዝ አለኝ። እናቱን የሚሸፍን ቃል አጥንቶ መጥቷል፤ በዚያ ዕድሜው ምስክርነቱንም አስቀድሞ ሰርዟል።

ወደ ጉባኤው ልመለስ። ያቀረብኩት ሁለት ነገር ነው። በቤቷ ጥቃት ደርሶባት ከለቅሶ የቀረች ሴት አትቀጣ፤ ከመጠባበቂያው ገንዘብም ለመጓጓዣና ለሕክምና የሚሆን ቀስ እያለች የምትመልሰው ብድር ይሰጣት። የጋራ መገልገያ ቤታችን ለሌሊት መጠለያ እንዲሆንም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከደጃፏ ሃያ እርምጃ የማይርቅ ቦታ ላይ ማደር መሸሸግ ስላልሆነ ራሴ ተውኩት።

የእድሩ ዳኛ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በትሕትና ነው የመለሱልኝ። «ልጄ፣ እድር የተቋቋመው ለሞት ነው።» ይህን እንደሚሉ አውቄ ስለነበር መልሱን ይዤ ነው የሄድኩት። ኤድስ ቤት ለቤት በሚገባበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ የሞቱባቸውን ልጆች አሳድገዋል፤ የትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም ነበር። ዳኛው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ራሳቸው ከአስታማሚዎቹ አንዱ እንደነበሩ ኋላ ነው የሰማሁት።

ከወንዶቹ አንዱ ተነሥተው «ባል የቤቱ ራስ ነው፤ እድር በሰው ራስ ላይ አይሾምም» አሉ። እኚህ ሰው የሚጠቅሱት ሕግ አርጅቷል። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል የነበረው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አድርጓል፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንንም ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ደግሞ የ1996 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ያስቀጣል። ይህን ሁሉ አላነበብኩላቸውም፤ ምሳ እየደረሰ ነበር። ያነበብኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ያልጠበቅሁት ተቃውሞ የመጣው ከሴቶቹ መደዳ ነው። የማከብራቸው እትዬ፣ ብዙ ለቅሶ አብረን የሠራን፣ «ታዲያ እጁ ዝም ብሎ ይነሣል? አንድ ነገር ብትለው እኮ ነው» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ፤ ሴቶቹ ግን አልሳቁም፤ ልክ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ብናደድም አልገረመኝም። በ2008 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ሲሆኑ ወንዶቹ 28 ነበሩ። ወጥ ማሳረር፣ ሳይነግሩ መውጣት፣ መልስ መስጠት ከተጠየቁት ምክንያቶች መካከል ናቸው። በ1997 ጥናት የሴቶቹ ቁጥር 81 እንደነበር ሳስብ ትንሽ እጽናናለሁ። እትዬም ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ምክንያት ካለው ማስቀረት ይቻላል፤ ወጡን ካላሳረርሽ፣ ካልመለስሽ ትድኛለሽ። ያለ ምክንያት ነው ብሎ ማመን ለሚኖሩበት ሰው የባሰ ያስፈራል።

እትዬ ግን ሌላም ነገር አሉ፤ እሱ ልክ ነበር። «ገመናዋን በመዝገብ ልትጽፊባት ነው?» የቀሪ መዝገቡ በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከስሟ አጠገብ «በጥቃት ምክንያት» ተብሎ ቢጻፍ ሁለተኛ ዱላ ነው። በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል ለማንም ያልተናገሩት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገኝም። ብዙ ከተባለ በኋላ «ፈቃድ» ተብሎ ብቻ እንዲጻፍ፣ ምክንያቱም እንዳይጠየቅ ተስማማን። የታመመም፣ መንገድ የሄደም፣ ልጇ ፈተና ያለባትም ሁሉ «ፈቃድ» ይባላል። እጅ ወጥቶ ጸደቀ። ሐሳቡ የእትዬ መሆኑ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።

ብድሩ ነው ያስቸገረው። ለምን ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት የቀረኝ ካርታ መሳል ብቻ ነበር። በጾታዊ ጥቃት ለተጎዱ ሕክምናውንና የፖሊስ ጉዳዩን አንድ ቦታ የሚያስተናግደው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል መሀል ከተማ ነው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ሁሉም ከእኛ ሩቅ ናቸው። ከዚህ በሌሊት ያለ ኮንትራት ታክሲ መውጣት አይታሰብም፤ የሚደበደቡት ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የታክሲ እንኳ በእጃቸው የላቸውም። «ቤቱ በእሱ ስም ነው፣ ብወጣ ሜዳ ላይ ነኝ» ብለው የሚቀሩም አሉ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ሕጉ እንደሚገምት የነገራቸው የለም። የባንክ ዕዳው ሲከፈል ግን የሷም ጉሊት፣ የሷም እንጀራ ሽያጭ ገብቶበታል።

ገንዘብ ያዡ «ካልተመለሰስ?» አሉ። ለሞተ ሰው የምንሰጠውስ መቼ ተመልሶ ያውቃል? ይህን ስል ሳቅ ሆነ፤ የብድሩ ጉዳይ ግን ለኮሚቴ ተመርቶ ወደሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ።

ማታ የኮሚቴውን ረቂቅ ልጀምር ብዬ የአባላት መዝገቡን ገለጥኩ። ብድር የሚፈቀደው ለአባል ነው፤ ማመልከቻው ላይ የሚፈርመውም አባሉ ነው። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ባል የሞተባቸውና የፈቱ ሴቶች በራሳቸው ስም ተመዝግበዋል። ያገቡት ሁሉ የገቡት በባላቸው ስም ሆኖ «ከነባለቤቱ» የሚል አለበት። እንዲህ ከሆነ ከሌሊት ዱላ ያመለጠች ሴት የታክሲ ገንዘብ ለመበደር የባሏን ፊርማ ልታመጣ ነው። ከብድሩ በፊት የምዝገባው አንቀጽ መሻሻል አለበት፤ ለሚቀጥለው ጉባኤ አንደኛ አጀንዳ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ከድንኳኑም በፊት።