ሪሲቨሬ አልተቃጠለም ነበር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ለፊቼ ጫምባላላ እንግዶች ስለሚመጡብን የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም አስቀብተን ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ ቴሌቪዥኑን መልሼ ሰቀልኩ፣ ገመዶቹን ሰካካሁ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ድምፅ ግን የለም። አምስቱ የሆም ቴአትር ስፒከሮች ጭጭ።

ጎረቤታችን ጋሼ ኳስ የሚያዩት እኛ ቤት ነው። ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ፣ “ምነው ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ዲዳ ሆነ?” አሉኝ።

“አሁን ይስተካከላል ጋሼ፣ እርስዎ ቡናዎን ይጠጡ” አልኳቸው።

አልተስተካከለም። ከሪሞት ጋር ስታገል ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ሴቲንግ ገብቼ ድምፁ በቴሌቪዥኑ በራሱ ስፒከር እንዲወጣ አደረግሁት። በዚያች ቀጭን ድምፅ ጨዋታውን ጨረስን። በዚያች ደቂቃ ትልቅ ፍንጭ አግኝቼ ነበር፤ ግን ልብ አላልኩትም።

ምክንያቱም በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን ሪሲቨር ደግሞ እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ። በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ስለዚህ ሁሌ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው። (ከውጭ ዕቃ ለሚላክላችሁ ሰዎች፦ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩት። ትራንስፎርመሩም ዕቃው ከሚፈልገው ዋት ከፍ ያለ ይሁን።) “በቃ፣ መብራቱ በላው” አልኩ። ባለቤቴ “ገመዱን ደግመህ እየው” ብትለኝም አልሰማኋትም።

ሰኞ ያንን ከባድ ዕቃ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ላይ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ሄድኩ። እየገባሁ ገና ከበር ላይ፣ “ሪሲቨሬ ድምፅ አልሰጥ አለኝ” አልኩ።

ልጁ ከሚበየደው ነገር ላይ ቀና እንኳ ሳይል፣ “ዲሹ ኢትዮሳት ላይ ነው? ሁሉም ቻናል ነው ወይስ አንዳንዱ?” አለኝ።

እዚህ አገር ሪሲቨር ማለት የዲሽ ዲኮደር ነው። እኔ የማወራው ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሮች ስለሚያከፋፍለው ትልቁ ሳጥን ነው። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ሳቀ። “አምፕ አትልም እንዴ!” አለ። ከዚህ በኋላ እኔም አምፕ እለዋለሁ፤ አለበለዚያ እናንተም ትምታታላችሁ።

የሠራው ሥራ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አላገናኘም። የራሱን ትራንስፎርመር አወጣ፣ የቤቱን ሁለት ስፒከር አሰረ፣ ለአንቴና አንዲት ክር ሽቦ ሰካ፣ አምፑን ሬድዮ ላይ አደረገው። ኤፍ ኤም ቤቱን አናጋው። “ጤነኛ ነው። ቤትህ ሂድና ገመድህን እይ” አለኝ። ባለቤቴ ያለችውን ቃል በቃል። ይህን ለእሷ ስነግራት ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

አምፑ ላይ ሬድዮ የምትል ቁልፍ ቤቴም አለች። ቅዳሜ ዕለት ተጭኛት ቢሆን ኖሮ ባጃጅ ላይ ወገቤን ባላሰቃየሁ። ሬድዮ የሌለው አምፕ ከሆነ ስልክን በኦክስ ገመድ ሰክቶ ሙዚቃ መክፈት ያው ነው። ከተሰማ አምፑና ስፒከሮቹ ከጥርጣሬ ወጡ ማለት ነው።

ማታ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ሰው ቧንቧውን አይነቅልም፤ መጀመሪያ “እናንተ ጋ አለ?” ብሎ ጎረቤት ይጠይቃል። ድምፅም እንደዚያው ነው። ከዲኮደሩ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ አምፕ፣ ከአምፕ ወደ ስፒከር ይሄዳል። የመጨረሻውን ጥገና ቤቱ ፈተነው። የመጀመሪያውን እኔው ቅዳሜ ሳላውቀው ፈትኜዋለሁ፤ በቴሌቪዥኑ ስፒከር ተሰምቷላ። የቀረው መሀል ያለችው አንዲት ገመድ ናት።

ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጭንቅላት አያስገባም። ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ፣ መብራቱን አብርቼ፣ በጎን አሾልኬ ቀረጽኩ። መጀመሪያ የወጣልኝ አቧራና የቀለም ጠብታ ነው። በሦስተኛው ሙከራ መሰኪያዎቹ ታዩኝ። ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። የሁለተኛዋ ሥር ግን ሚጥጥ ያሉ ፊደላት ተጽፈዋል፦ ኤ አር ሲ። የእኔ ገመድ አንደኛዋ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤችዲኤምአይ በተለምዶ ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን ያመጣል። ኤ አር ሲ ግን የመልስ ጉዞ ነው፤ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፑ በዚያው ገመድ ይመልሳል። ይህን ደግሞ ሁሉም ቀዳዳ አይሠራውም፤ አብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ብቻ ናት። እኔን ያሳሳተኝ ምስሉ ነው። ዲኮደሬ የተሰካው በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሆነ፣ የአምፑ ገመድ የትም ቢሰካ ምስል አይጎድልም። “ምስል ካለ ገመዱ ልክ ነው” ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ገመዷን ወደ ሁለተኛዋ አዛወርኩ። አሁንም ዝም! እዚህ ላይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ለካ ሁለቱ ዕቃዎች እንዲነጋገሩ ሲ ኢ ሲ የሚባለው ነገር መከፈት አለበት። ሴቲንግ ውስጥ በዚህ ስም ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ፋብሪካዎቹ የየራሳቸውን ስም ሰጥተውታል። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ከፈትኩት። አምፑም ላይ ኤ አር ሲን ከፍቼ፣ መግቢያውን ቲቪ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ሁለቱንም ከግድግዳ ነቅዬ ትንሽ ቆይቼ መለስኳቸው። ዩቲዩብ ስከፍት ድምፁ ከአምስቱም ስፒከር ፈነዳ። ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነሡ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። በፍላሽ ያለ ፊልም ስከፍት እንደገና ጭጭ። ይኸኛው ሌላ በሽታ ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ መውጫ “ፓስ ስሩ” ላይ ነበር፤ የፊልሙን ድምፅ እንዳለ፣ ሳይፈታ ለአምፑ ይወረውርለታል። የፊልሙ ድምፅ ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ በሚባል ዘዴ የታሸገ ነው፤ አሮጌው አምፔ በዚህ መንገድ ሲመጣበት አይገባውም። ቴሌቪዥኑ ድምፁን ራሱ ፈትቶ እንዲልክ “ፒሲኤም” ላይ ሳደርገው ተናገረ። ፒሲኤም በኤ አር ሲ ሲሄድ ግን ሁለት ቻናል (ግራና ቀኝ) ብቻ ስለሆነ፣ የኋላ ስፒከሮቹ የፊልሙን እውነተኛ ዙሪያ ድምፅ አያገኙም። ከምርጫዎቹ መሀል ተራው ዶልቢ ዲጂታል ስለነበረ በመጨረሻ እሱ ላይ ተውኩት። እሱ ለአምፔ ይገባዋል።

አዳማ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው፣ “የእኔ አምፕ ኤ አር ሲ የሚባል ነገር የለውም” አለኝ። ኤ አር ሲ የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠራ አምፕ ላይ አይገኝም። እሱ ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ የኦፕቲካል ገመድ ገዛ። የእሱም አልሰማ አለ። በስልክ “ጫፉን ተመልከት፣ ቀይ መብራት ይታያል?” ብዬ ጠየቅሁት። ገመዱ ሲመጣ ጫፉ ላይ የምትኖረውን ትንሿን የላስቲክ ክዳን ሳያወልቅ ነበር ሊሰካው የሚታገለው።

ጋሼ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ድምፁ ቤቱን ሞልቶታል። እኔ ምስጋና ስጠብቅ እሳቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው የጋዜጠኛውን አፍ ያያሉ። “ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ነው እንዴ በኋላ የሚናገረው?” አሉ። እውነታቸውን ነው። ድምፁ ከምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል። አምፑ ውስጥ ገብቼ የድምፅ ማዘግያውን ባየው 120 ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው፤ እህቴ ለራሷ ቴሌቪዥን ያስተካከለችው መሆን አለበት። ዜሮ አደረግሁት።

“አሁንስ ጋሼ?”

“አሁን ገጠመ። በል ቀንስልኝ፣ ጆሮዬን በጠሰው።”